የንባብ ድምፃችንን ለልጆች ሰጠናቸው፤ ሐሳባችንንስ?

(በነሐሴ ወር ባሕር ዳር ላይ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በተዘጋጀ የውይይት ቀን የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው።)

እንደምን አደራችሁ! ... እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? እስኪ እጃችሁን አሳዩኝ። ይሰማል? ጥሩ። ይህችን «ይሰማል» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የተከበራችሁ መምህራን፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ ክረምት፣ በዕረፍታችሁ፣ ከደቅና ከዘጌ በጀልባ፣ ከመራዊና ከሐሙሲት በመኪና መጥታችሁ እዚህ መቀመጣችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እኔ 29 ዓመት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አማርኛ አስተምሬያለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆች ስናነብ ያዩናል፣ ስናስብ ግን አያዩንም።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ንባብ እናስተምራለን እያልን በእውነት የምንሠራው ምን እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ማሳየት ማለት ምን ማለት እንደሆነ፤ ይህን እዚሁ ፊታችሁ እሠራዋለሁ። ሦስተኛ፣ ልጁን መቼና እንዴት እንደምንለቀው። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

እንግዲህ አንደኛውን ልጀምር።

ሥራ የጀመርኩት ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። 3ኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። ንባቡ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ «ተነሥና አንብብ» የምለው እሱን ነበር። አንድ ቀን ምንባቡ ስለ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ልጁ ተነሣ፣ አነበበ፣ አንዲት ፊደል አልሳተም። ከዚያ «ዓሣ አጥማጁ ትንንሾቹን ዓሦች ለምን ወደ ሐይቁ መለሳቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ። አስቆምኩትና ጥያቄውን ደገምኩለት። አሁንም ማንበብ ጀመረ።

ልብ በሉ፤ ይህ ልጅ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። መልሱ ቤቱ ውስጥ ነው። ነገር ግን ያ ቤቱ ያለ እውቀትና ይህ መጽሐፉ ላይ ያለው ፊደል እንደሚገናኙ ማንም ነግሮት አያውቅም። እኔ ምን አልኩ? «አላጠናህም! ቁጭ በል!» አልኩት። ምን ያጥና? እስኪ ንገሩኝ፤ ምን ሊያጠና ይችል ነበር?

ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። የልጁ አባት ታንኳ ይሠራል፤ ልጁ አጠገቡ ቆሟል። እኔ ዳር ላይ ሆኜ አየሁ። አባትየው ደንገሉን እያነሣ ያወራል፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሱ ነው የሚመስለው። «ይኸ ገና እርጥብ ነው፣ ይከብደናል፤ ይቆይ። ይኸኛው ደርቋል። እዚህ ጋ አጥብቄ ልሰረው፣ አፍንጫውን ማዕበል ይመታዋል። እ... ይኸ ላላብኝ፤ ልፍታውና ልድገመው።» ፈታው፤ እንደገና አሰረው። ልጁ ያያል፣ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ አባትየው የገመዱን ጫፍ ለልጁ አቀበለው፤ አብረው ሳቡ። ከዚያ ደግሞ ልጁ ብቻውን አሰረ፤ አባትየው ተቀምጦ አየው። ሲላላበት እጁን ሰደደ፤ ሲጠብቅለት እጁን ሰበሰበ።

እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ሰርተፊኬት ይዤ የወጣሁ ነኝ። ያ ሰው ግን ፊደል አልቆጠረም። የትኛችን ነበርን አስተማሪ? እሱ ሲሠራ የሚያስበውን ልጁ እንዲሰማ አደረገ። እኔ ግን ውጤቱን ብቻ ጠየቅሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት አልነበረም። ዶሎረስ ደርኪን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978–79 አንድ ጥናት አሳተመች። 4ኛ ክፍሎች ውስጥ ገብታ በንባብ ክፍለ ጊዜ መምህራን ምን እንደሚሠሩ በሰዓት እየያዘች ተከታተለች። አንብቦ መረዳትን በእርግጥ ለማስተማር የዋለው ጊዜ ከ100 ደቂቃ 1 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። በብዛት ያየችው ጥያቄ መጠየቅን፣ መልስ ማረምንና የሥራ ወረቀት ማደልን ነው። መጠየቅ መፈተን ነው፤ ማስተማር አይደለም። ጠይቀን መልሱ ሲጠፋ «አልገባውም» እንላለን። አልገባውም፤ እሺ፣ እንዴት እንደሚገባ አሳየነው?

በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። ስለ 34ቱ ብዙ ተባለ፣ ተገቢም ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን በ34ና በ48 መካከል ያለው ልጅ ነው። ቃል አንብቧል፤ ነገር ግን ምንም አላገኘም። ያ ልጅ ያ የእኔ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ማሳየት።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ከውጭ የመጣ ነገር ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። አይደለም። አያቴ ትርጓሜ ቤት፣ ቅዱሳት መጻሕፍት በሚተረጎሙበት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፣ የዋሉ ሰው ነበሩ። በንባብ ቤት የኔታ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ የሚባሉትን የግእዝ አነባበቦች በራሳቸው ድምፅ አንብበው ያሳያሉ፤ ልጁ ተከትሎ ይላል። ይህ ድምፅን ማሳየት ነው። ትርጓሜ ቤት ግን ሌላ ነው። መምህሩ አንዱን ዐረፍተ ነገር ያነሣሉ፣ ይፈታሉ፤ ከዚያ «አንድም» ይላሉ። ሌላ መንገድ ያሳያሉ። ደግሞ «አንድም» ይላሉ። ተማሪው የሚሰማው መልሱን ብቻ አይደለም፤ አንድ ዐዋቂ ሰው አንድን ቃል ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ይሰማል። ማታ ማታ አያቴ ብራናቸውን ዘርግተው ለራሳቸው «እንዲህ ይሆን? እንዲህስ ቢሆን ከላይኛው ጋር አይጋጭም?» ሲሉ እሰማቸው ነበር። ማንበብ ማለት ከመጽሐፍ ጋር መነጋገር እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ ነው። ግን አስተማሪ ስሆን ይህን ቤት ትቼው መጣሁ። ጎጃም የቅኔና የትርጓሜ አገር ነው እንላለን፤ ታዲያ ያ «አንድም» ለምንድን ነው የ2ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ የሚቀረው?

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህን ድምፅ አውጥቶ ማሰብ ልንለው እንችላለን። ሠርቶ ማሳያ ነው፤ ሠርቶ ማሳያው ግን የእጅ ሳይሆን የሐሳብ ነው። አሁን ላሳያችሁ። እናንተ 3ኛ ክፍል ናችሁ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እዩ፤ ራሴ ያዘጋጀሁት ነው።

«አባቴ በማለዳ ታንኳውን ወደ ሐይቁ ገፋ። ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ሲነፍስ አድሯል። ትናንት ጥርት ብሎ የነበረው ውኃ ዛሬ አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሷል። አባቴ መረቡን አየት አደረገና ዝም አለ። ባዶ እጁን ተመለሰ።»

መጀመሪያ ሳላቋርጥ አነበብኩላችሁ። አሁን ደግሜ አነባለሁ፤ ጣቴን ፊደሉ ላይ ሳደርግ እያነበብኩ ነው፣ ጣቴን ግንባሬ ላይ ሳደርግ እያሰብኩ ነው። ልጆች ሁለቱን እንዲለዩ ይህ ምልክት ያስፈልጋቸዋል።

«አባቴ በማለዳ ታንኳውን ወደ ሐይቁ ገፋ።» እ... በማለዳ ወጥቷል። ዓሣ ሊያጠምድ ይመስለኛል። ግን ታንኳ እንጨትም ይጭናል፤ ከዘጌ እንጨት የሚያመጡ አይቻለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም። እያነበብኩ አጣራለሁ።

«ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ሲነፍስ አድሯል።» ይህን ለምን ነገረኝ? ታሪኩ አጭር ነው፤ ዝም ብሎ ነፋስ አያነሣም። ነፋሱ አንድ ነገር ሳያደርግ አልቀረም። ልያዘው።

«ውኃው ዛሬ አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሷል።» ምንጣፍ? ሐይቅ ላይ ማን ምንጣፍ ያነጥፋል? እዚህ ላይ አልገባኝም። አልገባኝም፤ ስለዚህ አላልፍም። ልመለስ። ነፋስ... አረንጓዴ... ውኃ ላይ... እምቦጭ! እምቦጭ ሥሩ መሬት አይዝም፤ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ ይነዳዋል። ትናንት ያልነበረው ዛሬ የመጣው ለዚህ ነው። ጸሐፊው «እምቦጭ» የሚል ቃል አልጻፈም። እኔ ከማውቀው ጨምሬ ነው የደረስኩበት።

«መረቡን አየት አደረገና ዝም አለ።» አሃ፣ መረብ ይዟል። እንጨት ሳይሆን ዓሣ ነው፤ የመጀመሪያ ግምቴ ልክ ነበር። ለምን ዝም አለ? እምቦጭ ላይ መረብ ቢጥል ይጠላለፍበታል። አዝኗል። «አዘነ» የሚል ቃል የለም፤ ዝምታው ግን ይናገራል።

እስኪ ሰዓታችሁን እዩ። አራት ደቂቃ እንኳ አልወሰደብኝም። አሁን ልብ በሉ፤ አንዲት ጥያቄ ጠይቄያችኋለሁ? አልጠየቅኋችሁም። ጥያቄዎቹን ሁሉ ራሴን ነው የጠየቅሁት። የመጀመሪያው ስሕተቴ እዚህ ላይ ነበር። ስጀምር ያሳየሁ መስሎኝ በየዐረፍተ ነገሩ እየቆምኩ «ምን ይመስላችኋል? ለምን?» እል ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ክፍሌ ገብታ ከኋላ ተቀምጣ አየችኝና ሲያልቅ «እታለም፣ ጠየቅሻቸው እንጂ አላሳየሻቸውም» አለችኝ። ያን ጊዜ ከፋኝ። ሌሊቱን ሳስበው እውነቷን ነበር። ሌላም ስሕተት ነበረኝ፤ በየቃሉ ስለምቆም ልጆቹ ታሪኩ ይጠፋባቸው ነበር። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ፣ በአንድ ቀን አንድ ብልሃት ይበቃል። ዛሬ መገመትና ግምትን ማጣራት፤ ሌላ ቀን ሳይገባ ሲቀር ወደ ኋላ መመለስ።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልናገር። እኛ መምህራን ተማሪ ፊት «አልገባኝም» ማለት እንፈራለን። «መምህር እንዴት አልገባኝም ይላል? ይንቁኛል» እንላለን። ስለዚህ ልጁ የሚያየው ሁልጊዜ ሁሉ የገባውን ሰው ነው። እሱ ግን ሁልጊዜ የሚደናቀፍ ነው። ታዲያ ምን ብሎ ይደመድማል? «ንባብ የሚገባቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም» ይላል። ይህን ድምዳሜ እኛ ነን የሰጠነው! ያ ታንኳ ሠሪ «ላላብኝ፤ ልፍታው» ሲል ልጁ ናቀው? አልናቀውም። መላላት እንዳለ፣ ሲላላም መፍታትና መድገም እንዳለ ነው የተማረው። እባካችሁ፣ የምትፈቱትን ነገር አሳዩአቸው። የውሸት ግን አትደናቀፉ፤ ልጆች ያውቁባችኋል። ማታ ምንባቡን ስታነቡ በእውነት የቆማችሁበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ጠዋት እዚያው ላይ ቁሙ።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። ሰሌዳው ላይ «ልጁ ይሰማል» ብዬ ጻፍኩ። አንብቡልኝ። ... አያችሁ፣ ለሁለት ተከፈላችሁ። አላልታችሁ ስታነቡት ልጁ ጆሮ አለው፣ ድምፅ ይሰማል። አጥብቃችሁ ስታነቡት የልጁ ድምፅ ለሌላው ይደርሳል። «ዓሣው ይበላል» ብትሉም እንዲሁ ነው፤ ወይ ዓሣው በላተኛ ነው፣ ወይ ዓሣው ምግብ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ልጅ ቃሉን ትክክል ለመጥራት እንኳ ቀድሞ ትርጉሙን መፈለግ አለበት። ይህን በየዕለቱ ሳናስበው እናደርገዋለን፤ ስለማናስበውም ለልጆች አንነግራቸውም።

ባሕር ዳር ሳስተምር አንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ «የሰፊው ቤት ጠባብ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበበች። ቆመች። «መምህርት፣ መጽሐፉ ተሳስቷል። ሰፊ ነው ካለ በኋላ ጠባብ ነው ይላል» አለች። ክፍሉ ሳቀባት። እኔ ግን ልቤ ነው የሞላው! ይህች ልጅ እያሰበች ነው የምታነበው። ከዚያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ድምፄን አውጥቼ አሰብኩ። «እኔም መጀመሪያ አጥብቄ ነው ያነበብኩት። ሰፊና ጠባብ ተጋጩብኝ። ሲጋጭብኝ መጽሐፉን ከመጣሌ በፊት ሌላ አነባበብ እሞክራለሁ። ላላ ባደርገውስ? ሰፊው... ልብስ ሰፊው! አሃ፣ ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ቤቱ ጠባብ ነው።» የልጅቷን ፊት ብታዩት! ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ልጆቹ በየገጹ «ላልቶ ነው ጠብቆ?» ይባባሉ ጀመር። ይህ እንግዲህ የራሳችን የንባብ ብልሃት ነው፤ ከውጭ ቋንቋ የተቀዳ መመሪያ ላይ አታገኙትም።

ሦስተኛው፣ መልቀቅ ነው። በአጭሩ እላለሁ፤ ሻይ እየጠበቀን ነው።

ፒርሰንና ጋላገር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1983 ኃላፊነቱ ከመምህሩ ወደ ተማሪው ቀስ በቀስ እንዲያልፍ ጻፉ። እኛ ለልጆች በሚሆን ቋንቋ «እኔ ላሳያችሁ፣ አብረን እንሥራ፣ እናንተ ሥሩ» ልንለው እንችላለን። ታንኳ ሠሪው ያደረገው ይህንኑ ነው። ክፍላችን ውስጥ የሚጠፋው የመሐለኛው ነው። ከ«እኔ» ዘለን «እናንተ» ላይ እንወድቃለን። አብሮ መሥራት ማለት የገመዱን ጫፍ ማቀበል ነው፤ እኔ አንብቤ እቆማለሁ፣ ልጆቹ ጥንድ ሆነው ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ያሰቡትን ለጓደኛቸው ይናገራሉ፣ እኔ እየዞርኩ አዳምጣለሁ። ይህ አንድ ቀን ሳይሆን ሳምንታት ይወስዳል።

ፓሊንክሳርና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙትም ጥናት አለ። ፊደል በደንብ የሚያነቡ፣ ነገር ግን የማይረዱ የ7ኛ ክፍል ልጆችን ይዘው ነው የሠሩት። እንደ ያ የእኔ ልጅ ማለት ነው። አራት ሥራ አስለመዷቸው፤ መተንበይ፣ መጠየቅ፣ ያልገባውን ማጥራት፣ ማጠቃለል። መጀመሪያ መምህሩ ያሳያል፤ ከዚያ ልጆቹ በየተራ የመምህሩን ቦታ ይይዛሉ። የመረዳት ውጤታቸው በግልጽ ተሻሻለ። ግን አደራ፣ አራቱን ስሞች በቃል አታስጠኑ! «ብልሃቶችን ዘርዝር» የሚል ፈተና ማውጣት ከጀመርን ያው ወደ ነበርንበት ተመለስን።

«70 ተማሪ ነው ያለኝ፣ መጽሐፉ አይደርስም» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ እኔም ለአራት ልጅ አንድ መጽሐፍ ይዤ አስተምሬያለሁ። ነገር ግን ይህ ሥራ የሚፈልገው አምስት መሥመር የተጻፈበት ሰሌዳና አንድ የሚያስብ ሰው ነው። ከ40 ደቂቃ ውስጥ አምስቱን ስጡት። 1ኛ ክፍል የምታስተምሩም፣ ፊደሉን ማስቆጠራችሁን አትተዉ፤ ፊደል ያልለየ ልጅ በብልሃት ብቻ አያነብም። ከፊደሉ ጎን ግን በየቀኑ አንድ አጭር ተረት አንብቡላቸውና ድምፃችሁን አውጥታችሁ አስቡ። ጆሮአቸው ይማር፤ ዓይናቸው ሲደርስ ይጠቀምበታል።

ያን ልጅ ከዚያ በኋላ አላስተማርኩትም። ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። «ቁጭ በል» ማለቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዛሬ እዚህ የመጣሁት ስለ እሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

እኔ አሳይቻለሁ። አሁን አብረን እንሥራ። ሰሌዳው ላይ ሌላ አምስት መሥመር እየጻፍኩ ነው፤ ይህንንም ከዚህ በፊት አላያችሁትም። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንብቡት። በእውነት የቆማችሁበትን አንድ ቦታ ፈልጉ። ... ጨረሳችሁ? ከኋላ፣ እርስዎ ከደቅ የመጡት መምህር፣ አዎ እርስዎ፣ ወዲህ ይምጡ። እኔ እርስዎ ቦታ ላይ እቀመጣለሁ። ጠመኔው ይኸውልዎት።